የአሮጌው ቤቴል መቃብር በር

ሙልበሪ ቤንድ፣ አላባማ
ማርች 3 ቀን 2021

ለተወደድከው የእህቴ ልጅ፣ ለማርሴለስ ጊቨንስ፤

ሰላምህ ይብዛ፣ ጉልበትህ አይክዳህ፣ የተቀመጥክበት ወንበርም አይንሸራተትብህ። እኛ እዚህ፣ ከእኔ ጉልበትና ከወንድሜ ከዩሊስ ኩላሊት በቀር፣ ሁላችንም ደህና ነን።

ለምን አልደወለችም እንዳትል። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በአንድ እግር ለቆመ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ በሰባ አራት ዓመቴ በሁለቱም መቆም አቅቶኛል። ከዚያም በላይ፣ አርባ ዓመት የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ የተማርኩት ነገር ቢኖር በስልክ የተባለ ነገር ምስክር እንደሌለው ነው።

የምትሠራበት የብሬንድል ፋውንዴሽን ያወጣውን መግለጫ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ከኮምፒውተር አትማ አመጣችልኝ። «ለዘር ፍትሕ የገባነው ቃል ኪዳን» ይላል። አራት ገጽ ሙሉ። ለዩሊስ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ «በጥልቅ» የሚለውን ቃል ሲቆጥር ቆየና ዘጠኝ ላይ ሲደርስ፣ «ኦዜላ፣ እነዚህ ሰዎች ጉድጓድ ቆፋሪዎች ናቸው እንዴ?» አለኝ። ዝም በል፣ የእህትህ ልጅ እንጀራ ነው አልኩት።

ገንዘብ ልጠይቅህ አይደለም፤ ልብህ አይደንግጥ። የምፈልገው ቁልፍ ነው።

የአሮጌው ቤቴል መቃብር ያለው ከጥዱ ደን ውስጥ መሆኑን ታውቃለህ፤ እናትህም እዚያው ናት። ደኑ የሃድሊዎች በነበረ ጊዜ መንገዱን የከለከለን አልነበረም። ሃድሊዎች ክፉ ሰዎች ቢሆኑም ሙታንን ይፈሩ ነበር። አምና ደኑን ክሊር ፎርክ ለሚባል የጣውላ ኩባንያ ሸጡት። ኩባንያው ማንንም አይፈራም። ባለፈው ወር መንገዱ ላይ የብረት በር ተክሎ ጓጉንቸር ሰቀለበት። ሸሪፉ ዘንድ ሄድኩ። «ሕጉ ዘመዶቻችሁን መጎብኘት ትችላላችሁ ይላል» አለኝ። ሕጉ ይበል፤ ጓጉንቸሩ ግን ማንበብ አይችልም።

ዩሊስን ሐኪሙ ገናን አታይም ብሎታል። እሱም የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሚስቱ ከዶቪ አጠገብ። ሌላ ቦታ ብትቀብሩኝ ተነሥቼ እሄዳለሁ ይላል፤ ያደርገዋልም።

እንግዲህ ቃል ኪዳናችሁ ከቁልፍ የሚበልጥ ስለሆነ፣ ቁልፍ አያቅታችሁም ብዬ ነው።

አክስትህ
ኦዜላ ረድ፣ የእድሩ ጸሐፊ


ሚልዋኪ
ኤፕሪል 9 ቀን 2021

ለተከበሩ አክስቴ ለኦዜላ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ለአጎቴ ለዩሊስም ከደጅ ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁበት ቀን ይጨምርላቸው። እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ወር ማዕረጌ አድጎ «የማኅበረሰብ አጋርነት ከፍተኛ ኃላፊ» ተብያለሁ። ሥራው ያው ነው፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ስም ግን ረዝሟል።

ደብዳቤዎን ለዳይሬክተራችን ለካሪን ስቴንሰሩድ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አንብባ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እዚህ ፎቅ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ደረት ላይ እጅ የተደረገው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ እንቅፋት ብቻ አለ። ፋውንዴሽናችን ጥያቄ አይቀበልም። ሰው ሲጠይቅና እኛ ስንመልስ በመካከላችን የኃይል ሚዛን ይዛባል ተብሎ ከዘር ፍትሕ አንጻር ስለተወሰነ፣ ጥያቄ መቀበል አቁመናል። አሁን የምናደርገው ማዳመጥ ነው። እንድናዳምጥዎ የሚያስችል ሃያ ሁለት ገጽ መጠይቅ አብሬ ልኬያለሁ። ከመጠይቁ ጋር የበሩን ፎቶግራፍ ቢልኩልን፤ እርስዎም ከጎኑ ቆመው። ፈገግታ ባይኖርበት ይመረጣል።

ስለ ኩባንያው ማንነት አጣርቼ እጽፋለሁ።

አክባሪዎ
ማርሴለስ


ሙልበሪ ቤንድ
ሜይ 2 ቀን 2021

ለከፍተኛው ኃላፊ ለማርሴለስ፤

እግዚአብሔር ማዕረግህን እንዳረዘመ ዕድሜህንም ያርዝመው። ስለ እኛ ከጠየቅህ፣ የእኔ ጉልበት ባለበት ነው፤ ዩሊስ ግን ከስቷል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በሳሁለት።

መጠይቁን ሞልቻለሁ። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ሰባተኛው ጥያቄ «ኃይል የሚለውን ቃል እንዴት ይገልጹታል?» ይላል። ጓጉንቸር ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አምስተኛው «የሚመኙት መጪ ዘመን ምን ይመስላል?» ይላል። ዩሊስን ብጠይቀው «አጭር በይ» አለኝ። ፎቶግራፉም ይኸውና። ፈገግታ አንፈልግም አላችሁ እንጂ፣ ፎቶ አንሺው ዲያቆን ሆሴያ ፒፕኪንስ ስለነበረ አለመሳቁ ፈተና ሆኖብኝ ነበር፤ እያፈገፈገ ሄዶ ቦይ ውስጥ ገባ።

ለኩባንያውም ጽፌ ነበር፤ መልስ መጥቷል። ቁልፉን በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት፣ በፊርማ መዋስ እንችላለን።

አንተ ከዚህ ከወጣህ ብዙ ዓመትህ ነው፤ ብትረሳ አልፈርድብህም። እኛ ቤት መቃብር በእጅ ይቆፈራል፤ በማለዳ ይከፈታል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሞላል። አፉን ከፍቶ ያደረ መቃብር ሌላ ሰው ይጠራል። መቃብር የሚቆፍሩልን የሆሴያ አራት ሰዎች ያንን ቀይ ሸክላ ለመጨረስ አምስት ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ይህም ሆሴያ ካላወራ ነው። ሁለት ሰዓት ምን ይሆነናል? ደግሞስ ዩሊስ ዕድሜ ልኩን አንድ ቦታ በሰዓቱ ደርሶ የማያውቅ ሰው፣ ለሞቱ የወሩን የመጀመሪያ ማክሰኞ ይጠብቃል?

«ዲያቆን፣ ማሽን እናምጣ?» ብዬ ሆሴያን ጠየቅሁት።

«እህት ኦዜላ፣ በማሽን የተቀበረ ሰው ቧንቧ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ቁልፉን ላክልኝ። ለዘላለም አይደለም፤ ለአንድ ቀን፣ ከንጋት እስከ ምሽት።

አክስትህ
ኦዜላ


ሚልዋኪ
ጁን 24 ቀን 2021

ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ከነመዘግየቱ ይድረስዎ። ሰባት ሳምንት ዝም ያልኩት በንቀት አይደለም። መላው ሠራተኛ ሥልጠና ላይ ነበር። ርዕሱ «ችኮላ» ነበር። ነገርን ቶሎ ቶሎ መጨረስ የነጭ የበላይነት ባህል ቅሪት መሆኑን ተምረን፣ ፍትሕን በእርጋታ ለመሥራት ተስማምተናል። ሥልጠናው በሦስት ሳምንት ያልቃል ተብሎ ነበር፤ ከርዕሱ ጋር እንዳይጋጭ ሲባል ተራዘመ።

መጠይቅዎ በፎቁ ሁሉ ተነቧል። «ጓጉንቸር» የምትለዋ መልስ የዓመታዊ ሪፖርታችን ሽፋን ላይ ትወጣለች። ከዚህም በላይ፣ ካሪን ራሷ ስድስት ሰዎች ይዛ ጁላይ 10 ቀን እናንተ ዘንድ ለማዳመጥ ትመጣለች። ከበሩ ውጭ የመታሰቢያ አትክልት ቦታና አግዳሚ ወንበር ለመሥራትም ሐሳብ አላት፤ ሰው ተቀምጦ በሩን እያየ እንዲያሰላስል።

ስለ ኩባንያው ገና እያጣራሁ ነው።

አጎቴ አሁንም ያፏጫሉ?

አክባሪዎ
ማርሴለስ


ሙልበሪ ቤንድ
ጁላይ 15 ቀን 2021

ለማርሴለስ፤

እንግዶችህ በሰላም ገብተው በሰላም ወጥተዋል፤ የላካቸውን ጌታ ይባርክልን። የእድሩ ሴቶች ዶሮ ጠብሰው፣ በቆሎ ዳቦ ጋግረው ነበር። ከስድስቱ አራቱ ሥጋ አይበሉም፤ አንዷ ዳቦም አትበላም። እሷን ምን እንደምትበላ ልጠይቃት አፈርኩ።

ወንበሮቹን በክብ አስደረደሩን። ዩሊስን ከነብርድ ልብሱ አውጥተን አስቀመጥነው። ካሪን የምትባለው ደግ ሴት ናት፣ ዓይኗ ሁልጊዜ ሊያለቅስ የደረሰ ነው፤ ወደ እሱ ጎንበስ ብላ፣

«አባት፣ አሁን ምን ይሰማዎታል?» አለችው።

«ሙቀት» አላት።

ጻፈችው። ከዚያ ሁላችንም ወደ በሩ ሄድን። ካሪን ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ሆሴያ በጆሮዬ፣ «ይቺ ሴት እዚህ የተቀበረ ዘመድ አላት እንዴ?» አለኝ። ዝም በል አልኩት፤ እኔም ግን ሳስበው ነበር። ከእንግዶቹ አንድ ወጣት ደግሞ ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ ተንበረከከና፣ ከመንገዱ ዳር አፈር ከመውሰዱ በፊት መሬቱን ፈቃድ ጠየቀ። ሆሴያ አልቻለም፤ «ልጄ፣ መሬቱስ እሺ ይላል፤ እስቲ ኩባንያውን ጠይቅልን» አለው። ልጁ ቀላ። ፎቶ ተነሡ፣ አቀፉን፣ ሄዱ። ቁልፍ አላመጡም።

ሰኞ ዕለት የሆሴያን ፒክአፕ አስነድቼ አውራጃው ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ሄድኩ። የመሬት መዝገብ ማንበብ እችላለሁ፤ እናቴ ያስተማረችኝ ነው፤ በእኛ አገር ይህን የማይችል ሰው መሬት አይቆይለትም። ክሊር ፎርክን አገኘሁት። ከክሊር ፎርክ በላይ ያለውን አገኘሁት። ከዚያ በላይ ያለውንም። ጸሐፊዋ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ፤ ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም።

ያነበብኩትን አልጽፍልህም። አንተ ጻፍልኝ።

ዩሊስ ከአልጋ መነሣት ትቷል። ስለ ማፏጨቱ ጠይቀህ ነበር፤ አያፏጭም።

ኦዜላ


ሚልዋኪ
ኦገስት 6 ቀን 2021

አክስቴ፤

ክሊር ፎርክን የገዛው አንድ የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት ነው። የዚያ ድርጅት ባለቤት ብሬንድል ፋውንዴሽን ነው። በሩ የእኛ ነው። ያወቅሁት ኤፕሪል 12 ቀን ነው፤ «አጣርቼ እጽፋለሁ» ብዬ በጻፍኩልዎ በሦስተኛው ቀን።

ለምን ዝም አልክ ይሉኛል። ሕንጻችን ሰባት ፎቅ ነው። እኛ አራተኛው ፎቅ ላይ እንሰጣለን፤ ስድስተኛው ፎቅ ደግሞ የምንሰጠውን ያመጣል። ከየት እንደሚያመጣ አንጠይቅም፣ ለማን እንደምንሰጥ አይጠይቁም፤ ለገና በዓል ግን አንድ ላይ ኬክ እንበላለን። የእርስዎ የጁላይ ደብዳቤ በደረሰ ማግስት ካሪን ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ካሪን፣ በሩ የኛ ነው» አልኳት።

«ማርሴለስ፣ ይህ እኮ ስድስተኛ ፎቅ ነው» አለች።

«ሊፍት አለ።»

«ሊፍቱ አለ፤ አሠራሩ የለም።»

የፍትሕ ኮሚቴውን ጠየቅሁ። ንዑስ ኮሚቴ አቋቁመው የመጀመሪያ ስብሰባቸውን ለኖቬምበር ቀጠሩ። አጎቴ ኖቬምበርን እንደማያዩ ነገርኳቸው። ሰብሳቢው በትሕትና ያንን የችኮላ ሥልጠና አስታወሰኝ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ በመግቢያው አዳራሽ አለፍኩ። ባዶ ነው፤ በመጸው ኤግዚቢሽን ሊደረግበት ታስቦ ምን እንደሚታይ ገና አልተወሰነም ነበር። ተመልሼ ወደ ላይ ወጣሁ። ለካሪን፣ «የተዘጋው በር» የሚል ኤግዚቢሽን ብናዘጋጅስ፣ ሥዕል ሳይሆን በሩ ራሱ፣ ከነጓጉንቸሩ፣ ከነዝገቱ ቢመጣስ አልኳት። ዓይኖቿ አበሩ። እውነቴን ነው፣ ክፋት የለባትም። በአርባ ደቂቃ ጸደቀ። ስድስተኛ ፎቅም ለኤግዚቢሽን ዕቃ ማዋስ አሠራር አለው ለካ፤ በዚያው ቀን ፈረሙ።

ፍትሕ ስጠይቅ ንዑስ ኮሚቴ ሰጡኝ፤ ኤግዚቢሽን ስጠይቅ የጭነት መኪና።

በሩን ሊነቅሉ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይመጣሉ። እባክዎ፣ ሲመጡ የተከፋ ፊት ያሳዩአቸው፤ የተደሰታችሁ ከመሰላቸው ኮሚቴ ይጠራሉ።

ይቅር ይበሉኝ።

ማርሴለስ


ሙልበሪ ቤንድ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2021

ለማርሴለስ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህ ደብዳቤ ወሬ ብቻ ነው፤ ልመና የለበትም።

ሐሙስ ዕለት ስድስት ሰዎች ነጭ ጓንት አድርገው መጡ። የኩባንያው ሰውም አብሮ ነበር። ጓጉንቸሩን ሊከፍት ኪሱን ቢፈትሽ፣ መኪናውን ቢፈትሽ፣ ቁልፍ የለም። ለካ ከኤፕሪል ጀምሮ ጠፍቶ ኖሯል። በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ በፊርማ ሊያውሱን የነበረው እሱን ነው። የምሬን ነው የተከፋሁት፤ ፊቴን ማስመሰል አላስፈለገኝም።

ሰዎቹ በሩን ከማጠፊያው ነቅለው በጥጥ ብርድ ልብስ ጠቀለሉት፣ በጠፍር አሰሩት፣ ለአራት ተሸክመው መኪናው ላይ አጋደሙት። አንደኛው «ቀስ! ቀስ!» ይላል። ሆሴያ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ስሸከም፣ እንዲህ ተጠንቅቄ አላውቅም» አለኝ።

ቤት ገብቼ ለዩሊስ መንገዱ ተከፍቷል አልኩት። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «እንግዲያው ከዚህ በላይ አላስቸግራችሁም» አለ። እሑድ ጠዋት፣ መዝሙሩ በሬዲዮ እየተሰማ፣ አረፈ። በሰዓቱ ነው የሄደው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከሩቅ ያሉት ዘመዶች እንዲደርሱ ብለን፣ ቀብሩ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 25 ነው። ሥርዓቱ ረፋድ ላይ ይጀመራል። ከተሸካሚዎቹ የአንዱን ቦታ ያንተ ብዬ ጽፌያለሁ።

ኦዜላ


ሚልዋኪ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 2021

አክስቴ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎ። ከሰፈር ስወጣ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ በዚያች በር በሌላት አሮጌ መኪናቸው የሸኙኝ አጎቴ ዩሊስ ናቸው፤ ቀበቶ ስላልነበራት በአንድ እጃቸው ደረቴን ደግፈው ይዘው ነበር የነዱት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አልመጣም። የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ረፋድ ነው። ንግግር እንዳደርግ ታዝዣለሁ፤ ንግግሩን ግን ትቼው እመጣ ነበር። የማልመጣበት ምክንያት ሌላ ነው። ከዕቃው አጠገብ የሚሰቀለውን መግለጫ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያን ሥራ የሰጡኝ ማንም አያነበውም ብለው ነው። እንዲህ ይላል፦

«የብረት በር፣ ከነጓጉንቸሩ። ከፌብሩዋሪ እስከ ሴፕቴምበር 2021 ድረስ የአሮጌው ቤቴል መቃብርን መንገድ ዘግቶ የቆየ። ባለቤት፦ ክሊር ፎርክ የጣውላ ኩባንያ። የባለቤቱ ባለቤት፦ ብሬንድል ፋውንዴሽን፣ ስድስተኛ ፎቅ።»

ቅዳሜ ጠዋት በእጄ ይዤ ገብቼ ራሴ እሰቅለዋለሁ። ሰው ሁሉ እስኪያነበው ድረስም አጠገቡ እቆማለሁ፤ ከሄድኩ ያወርዱታል። ሰኞ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። ስሜን ከተሸካሚዎቹ ዝርዝር ይሰርዙት።

ማርሴለስ


ሙልበሪ ቤንድ
ሴፕቴምበር 28 ቀን 2021

ለእህቴ ልጅ ለማርሴለስ፤

ያቆመህ አምላክ ቆመህ ያቆይህ። ስምህን አልሰረዝኩም። «በሥራ ምክንያት ከበሩ ጋር ያለ» ብዬ አጠገቡ ጻፍኩበት። የሰቀልከውን ጽሑፍም ቃል በቃል የእድሩ መዝገብ ላይ አስፍሬዋለሁ። ከአዳራሻችሁ ያውርዱት ከፈለጉ፤ ከእኔ መዝገብ ላይ ግን ማንም አንድ ፊደል ፍቆ አያውቅም።

ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። ሆሴያና ሰዎቹ ገና ሳይነጋ ገብተው መቆፈር ጀመሩ። እኛ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሆሴያ ልብሱን ለውጦ፣ የሬሳውን መኪና ሊነዳ መጣ። እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከኋላችን ሰላሳ አንድ መኪና፣ መብራቱን አብርቶ። ሁለቱ ምሰሶዎች ዘንድ ስንደርስ ሆሴያ ፍሬን ያዘ። ሰላሳ አንዱም ቆመ።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«እህት ኦዜላ፣ በሩ...»

«በሩ ሚልዋኪ ነው፤ ንዳ።»

ከኋላ የተቀመጡት የዩሊስ የልጅ ልጆች መጀመሪያ ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ማን ያቁማቸው። በምሰሶዎቹ መካከል ያለፍነው እየሳቅን ነው። ሰው ቢያየን የምን ሠርግ ነው ይል ነበር።

ከዶቪ አጠገብ አስገባነው። ሴቶቹ ሲዘምሩ ወንዶቹ አካፋውን እየተቀባበሉ አፈሩን መለሱት። ያንተን ተራ እኔ ወሰድኩና ሦስት አካፋ አፈር ጣልኩ፤ ከዚያ ጉልበቴ ጮኸ። ፀሐይዋ ገና ከጥዱ በላይ ሳለች ሞላ።

ትናንት ሰኞ የኩባንያው ሰው መጥቶ ነበር። ምሰሶዎቹ መካከል ቆሞ ስፋቱን በሜትር ሲለካ አገኘሁት። ለአዲስ በር ነው ወይስ ለሌላ ብዬ ጠየቅሁት። «እናቴ፣ እንድለካ ነው የታዘዝኩት። ላይ ያሉት እየተነጋገሩ ነው» አለኝ። መንገዱን ለዘላለም ለእድሩ የሚሰጥ ወረቀት አምጡ፣ እፈርማለሁ አልኩት። በደብተሩ ላይ ጻፈው። መልካም ልጅ ይመስላል፤ የስኳር ድንች ፓይ ቆርጬ ሰጠሁት፣ ቆሞ በላ። ከዚያ ሜትሩን ጠቅልሎ ሄደ። መቼ እንደሚመለስ አልነገረኝም፤ ሲመለስ ወረቀት ይዞ ይሁን ብረት ይዞም እንጃ።

የዩሊስ አፈር ገና አልረጋም። እናትህንም ካየሃት አሥራ አንድ ዓመት ሆነህ። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፤ ስለ ነገ የሚያውቀው ያንተ ስድስተኛ ፎቅ ነው።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ተነሥተህ ና።

አክስትህ
ኦዜላ ረድ